በኪሎ የተገዛ

ጋሽ ሙሄ ከማዘጋጃ ቤት ጨረታ በኪሎ ገዝቶ አመጣው፤
በጋሪ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ የደሴ ጉም እንዳያርሰው።
አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ሦስት ወፍራም ኮምፒዩተር፣
አንድ ፋክስ፣ ገመዱን እንደ ጅራት የሚጎትት ከምድር።
«ብረት ነው» አለኝ፤ «ላስቲኩን ለይተን፣ መዳቡን ፈትተን፣
ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ይሸጣል በቶን።»

የቀኝ እጁ ሁለት ጣት አይታጠፍም።
ዓመት ሙሉ አየሁት እንጂ አልጠየቅሁም።
ያን ቀን ራሱ ጀመረ፣ ፒንሳውን አስቀምጦ፦
«የሆጤ አንድ መምህር ነው፣ ቴሌቪዥን ይዞ መጥቶ።
ከሶኬት ከተነቀለ ሁለት ቀን አልፎታል፤
እኔም ሬሳ ነው ብዬ እጄን ከጀርባው ሳስገባ፣
እንደ በቅሎ ረግጦኝ፣ ስነቃ ሰው ከቦኝ፣ ሚስቴ ስታነባ።
ስሚ ልጄ፤ የተነቀለ ሁሉ ሞተ አይባል፤
መብራቱ ቢሄድም ቂሙ ሆዱ ውስጥ ያድራል።»

ማታ፣ ጦሳ ጉሙን እንደ ጋቢ ሲለብስ፣
ብሎኖቹን ፈታሁ፤ ደረቁ ቀለም እንደ ጥላሸት እጄን ሲልስ።
ከሆዱ፣ ከሮለሩ ሥር፣ ያላሰብኩት ነገር ወጣ፤
መዳፍ የሚያህል ዲስክ። ፎቶ ኮፒ ማስታወስን ከየት አመጣ?
ለካ መስታወቱ ላይ የተኛውን ወረቀት ሁሉ፣
አንድ ለባለቤቱ ሰጥቶ፣ አንድ ለራሱ ያስቀር ኖሯል በአመሉ።

ከእኔ ኮምፒዩተር ጋር አገናኘሁት። ሌሊቱን ፈጀ።
ከዚያ ስም ይመጣ ጀመር። ስም፣ ማኅተም፣ አሻራ፣ ፊት።
የቧንቧ ውሃዋ እመት ዘምዘም የፍቺ ማመልከቻ፤
የአንድ ጎረምሳ የሆስፒታል ውጤት፣ «በምስጢር፣ ለራሱ ብቻ»፤
የአንዱ ካርታ፣ የሌላው ዕዳ፣ የወራሾች ክርክር፤
እሱ ጥግ ቆሞ ሲያጉረመርም፣ በሆዱ የከተማው ምስጢር።

ሊነጋ ሲል እናቴ መጣች።
በጥቁርና በነጭ፣ ትንሽ ዘመም ብላ፣ ዐይኗን ጨፈን አድርጋ።
መታወቂያዋ። ከሥሩ የአባቴ የውትድርና ደብዳቤ።
ይህን ወረቀት አውቀዋለሁ፤ ሲቃጠል አይቻለሁ።
በዚያ ጥቅምት መጨረሻ፣ ከተማው ባለቤት ሲለውጥ፣
ከሰል ምድጃ ውስጥ ከታው፣ አመዱን በውሃ በጥብጣ፣
«በቃ፣ አሁን ማንም አያውቀንም» ብላ
ጓሮ ደፍታው ነበር፤ እጇ እየተንቀጠቀጠ።

እሷ አመድ ስትደፋ፣ ቅጂው ቢሮ ተቀምጧል።
ባለ ጠመንጃዎቹ ወር ሙሉ አጠገቡ ተኙ፤
ክዳኑ ላይ ፓስታ በሉ፣ ካልሲ አሰጡ፣
የሁላችንም ስም ከትራሳቸው አንድ ክንድ ርቆ።
ያዳነን የመብራቱ መጥፋት ነበር።
ወር ሙሉ ስንረግመው ያደርነው ጨለማ
ለካ ዘበኛችን ኖሯል።

ጠዋት ጋሽ ሙሄ ገባ፤ ዲስኩን አየው።
«እሱን ለብቻ አስቀምጪው፤ ኮምቦልቻ አንድ ሰው አለ፣
ሳይመዝን የሚከፍል።»
«ብረት ሳይመዝን የሚገዛ ምን ዓይነት ነጋዴ ነው?» አልኩት።
ዝም አለ። የማይታጠፉትን ጣቶቹን ተመለከተ።
ከዚያ መሰርሰሪያውን ራሱ አቀበለኝ።

አራት ቦታ በሳሁት። ውስጡ መስታወት ኖሯል፤
ፊቴን አራት ቦታ ቀዶ አሳየኝ።

አሁን እኛም ኮፒ እናነሳለን፣ ሸዋ በር፣ ከፋርማሲው አጠገብ።
ሰው ዋናውን መስታወቱ ላይ ረስቶ ይወጣል፤
ከመንገድ እያለከለከ ይመለሳል፣ «መታወቂያዬን! መታወቂያዬን!»
እሰጠዋለሁ፤ መርቆኝ ይሄዳል።
ሌላ የቀረ ነገር አለ ወይ ብሎ የጠየቀኝ እስካሁን የለም።

ማታ ማሽኑን እነቅለዋለሁ።
ነቅዬም ትንሽ እቆያለሁ፣
ጆሮዬን ክዳኑ ላይ አስደግፌ።